ስለ ፈተና ርትዕ፤ ከቅኔ ቤት እስከ ማትሪክ

በአዊ ምድር፥ በአንከሻ፥ ከግምጃ ቤት ተነሥቶ ቅኔ ለመማር ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ የሚሄድ ልጅ በቀድሞው ዘመን የሚይዘው እጅግ ጥቂት ነበረ፤ ይኸውም ደበሎ፥ አኩፋዳና ውሻ የሚከላከልበት በትር ነው። ከወላጆቹ ተሰውሮ የጠፋም ብዙ ነበረ።

ይህ ሥርዓት ለድኻው ልጅ ብቻ የተደነገገ አልነበረም። አባቱ የብዙ ጥማድ ጌታ የሆነውም ተማሪ እንደ ልማዱ ደበሎ ለብሶ፥ ከጎጆ ገብቶ፥ በየደጁ «ስለ ማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምን ነበረ። ልመናው ትሕትናን ለማስተማር ነው ሲባል ኖሯል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ሌላ ፍሬ ደግሞ ነበረው። የባለጸጋውና የድኻው ልጅ አንድ ዓይነት ቁራሽ በልተው፥ በአንድ ዓይነት ሣር ላይ ተኝተው፥ እኩል ደክመው በመምህሩ ፊት ይቀርቡ ነበርና፥ የሚመዘነው የልጁ ልቡና እንጂ የአባቱ ጎተራ አልነበረም።

ፈተናውም በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ አይደለም። ተማሪው ወደ ዛፍ ጥላ ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል፤ ስሕተቱም ይታረምለታል። እንዲህ እያለ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የትናንቱን መድገም፥ የባልንጀራውንም መስረቅ ነውር ስለ ሆነ፥ በገንዘብ የሚገዛ መልስ አልነበረም።

ሆኖም ሚዛኑ ፍጹም ነበረ ማለት አይቻልም። ግእዝ የማንም የእናት ቋንቋ ባይሆንም፥ አማርኛ ለሚናገረው ልጅ የቅርብ ዘመድ ነው፤ መምህሩም የሚያስረዳው በአማርኛ ነው። በቤቱ አገውኛ ብቻ ሲሰማ ላደገው ልጅ ግን የሚሻገረው ወንዝ ሁለት ነበረ። ሴቶች ልጆችማ ከጥቂቶች በቀር ወደ ሚዛኑ እንኳ አልቀረቡም። ከነዚያ ጥቂቶች አንዷ በጎጃም የታወቁት የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ናቸው። እማሆይ ዓይነ ስውር ነበሩ። ለዚያ ማዕርግ የበቁትም አባታቸው ራሳቸው የቅኔ መምህር ስለ ነበሩ፥ ደግሞም የቅኔ ፈተና በቃል እንጂ በጽሕፈት ስላልነበረ ነው። ፈተናው በወረቀት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ልቡና በምን ይታወቅ ነበር? የተወለዱት ከአንድ ገበሬ ቤት ቢሆንስ ኖሮ?

ይህ ጥያቄ በፈረንጅ አገርም ተነሥቷል። አልፍሬድ ቢኔ ከባልደረባው ከሲሞን ጋር በ1905 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የአእምሮ መለኪያ ያዘጋጀው፥ በትምህርት ልዩ እርዳታ የሚያሻቸውን ሕፃናት ለመለየት ነበረ፤ አእምሮ ከተወሰነለት መጠን አያልፍም የሚሉትንም ተቃውሟል። አሜሪካ በ1917 እ.ኤ.አ. ወደ ጦርነት በገባች ጊዜ ግን መለኪያው ለወታደሮች ተዘረጋ። ፊደል ለማያውቁት በተዘጋጀው የሥዕል ፈተና ውስጥ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ነበረበት፤ ተፈታኙ የጎደለውን እንዲሞላ ይታዘዛል። ቴኒስ ሲጫወቱ አይቶ የማያውቅ ስደተኛ ምን ይሙላ? ቢሳሳት ግን ስሕተቱ ከአእምሮው ማነስ ይቈጠርበት ነበር።

በኢትዮጵያም የ12ኛ ክፍል ፈተና፥ በተለምዶ ማትሪክ የሚባለው፥ ስርቆትና መኮራረጅ ስለ በዛበት፥ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ። ከ896 ሺህ ከሚበልጡት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ተማሪውን ሰነፍ አለው። ነገር ግን ከአንድ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ ሳያልፍ ሲቀር፥ በዚያ ቀበሌ ልቡና ያለው ልጅ አልተወለደም ማለት ነውን?

እርግጥ ስርቆቱን መከልከል ተገቢ ነበረ። በግቢውም የባለጸጋና የድኻ ልጆች ከአንድ ማዕድ በልተው በአንድ አዳራሽ አድረዋል፤ በዚህስ ከቅኔ ቤት ጋር ይመሳሰላል። ዳሩ ግን በቅኔ ቤት ለዓመታት የነበረው አንድነት በዚህ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በአዊ ትምህርቱን በእናቱ ቋንቋ ጀምሮ፥ አማርኛን ተምሮ፥ ከዘጠነኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ልጅ፥ በአዲስ አበባ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሰማ ካደገው ልጅ ጎን ተቀምጦ፥ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ያንኑ ወረቀት በአንድ ሰዓት ይቀበላል።