ኃይሉን ያዘለ ባቡር፦ ከጓሮ ሐዲድ እስከ ወይጦ ሜዳ

የበና ፀማይ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቀይ አፈር ከተማ ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩና አሪው በአንድ ሜዳ የሚገናኙበት ይህ ገበያ ከሩቅ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ይስባል። ለከተማይቱ ስም ያወጣላት መሬቷ ነው፤ በበጋ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ ሆኖ ከመኪና ጎማ ሥር ይነሣል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ከጫማ አልላቀቅ የሚል ጭቃ ይሆናል። ምድር ባቡር ግን በዚህ አገር አልፎ አያውቅም። በኢትዮጵያ የባቡር መንገድ ታሪክ ውስጥ የቀይ አፈርን አካባቢ ለማንሣት የሚያበቃ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን በተነደፈው ብሔራዊ የባቡር መረብ ላይ፣ ከሞጆ ተነሥቶ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል የሚወርድ መሥመር ከቀይ አፈር ዳገት በታች እስካለው እስከ ወይጦ ድረስ ተሥሎ መታየቱ ነው። መሥመሩ በወረቀት ላይ ቀርቷል።

ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት መልስ የሚያሻው አንድ ጥያቄ አለ። ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ከየት ይመጣል? በሐዲዱ ውስጥ ይለፍ፣ በሽቦ ላይ ተሰቅሎ ይከተል፣ ወይስ ባቡሩ ራሱ አዝሎት ይሂድ? ጥያቄው ለወይጦ መሥመር ብቻ የቀረበ አይደለም፤ ዕድሜው ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ነው። ደጋግሞ ከተፈተነባቸው ስፍራዎች አንዱ ግን ብዙ ባለሙያ የማይገምተው ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ትርፍ ጊዜ ያላቸው ሰዎች በቤታቸው ጓሮ፣ በአበባና በድንጋይ መካከል የሚዘረጉት ትንሽ ምድር ባቡር ነው። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ለሚመስለው መሐንዲስ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ባቡር ራሱ የተወለደው አሻንጉሊት ሆኖ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1835 በአሜሪካ፣ በቨርሞንት ይኖር የነበረ ቶማስ ዴቨንፖርት የተባለ አንጥረኛ፣ በክብ ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ የምትሽከረከር ትንሽ ጋሪ ሠርቶ አሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የስኮትላንዱ ተወላጅ ሮበርት ዴቪድሰን መጀመሪያ በትንሹ ሞክሮ፣ በ1842 ደግሞ «ጋልቫኒ» ብሎ የሰየመውን ባለ ሙሉ መጠን ሎኮሞቲቭ በኤደንብራና በግላስጎው መካከል በተዘረጋው መሥመር ላይ አወጣ። ኃይሉን የሚያገኘው በላዩ ከተጫኑ ዚንክና አሲድ ከያዙ ባትሪዎች ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። ባትሪው ሲያልቅ እንደገና የሚሞላ አልነበረም፤ ዚንኩ እየተበላ ይሄዳል፣ ዚንክ ደግሞ ከድንጋይ ከሰል ጋር የማይወዳደር ውድ ነገር ነው። ማሽኑን የእንፋሎት ባቡር ሠራተኞች እንጀራችንን ይቀማናል ብለው ሰባበሩት ተብሎ ይተረካል። እነርሱ ባይሰብሩትም ኖሮ የዚንክ ዋጋ ይሰብረው ነበር።

ከዚህ በኋላ የመሐንዲሶች ሐሳብ ኃይሉን ከባቡሩ ላይ ወደማውረድ አዘነበለ። ቬርነር ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1879 በበርሊን የኢንዱስትሪ ትርኢት ላይ ሰው የሚሳፈርበት ትንሽ ባቡር በ300 ሜትር ክብ ሐዲድ ላይ አስኬደ። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከውጭ ነበር፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በተዘረጋ ብረት ይተላለፋል። የሎኮሞቲቩ ጉልበት ከ3 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም፤ የሐዲዱም ስፋት ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በዓለም የኤሌክትሪክ ባቡር ታሪክ መነሻ ሆኖ የሚጠቀሰው ይህ ሥራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጓሮ ምድር ባቡር ነበር።

ሲመንስ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1881፣ በበርሊን አጠገብ በሊሽተርፌልደ የከፈተው ትራም ግን የመፍትሔውን ጉድለት አወጣው። በዚህ ትራም ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በሁለቱ የመሄጃ ሐዲዶች ራሳቸው ነበር። መንገድ በሚሻገርበት ቦታ ፈረስ ሁለቱን ሐዲዶች በአንድ ጊዜ ሲረግጥ ኤሌክትሪክ ይይዘው ጀመር። ከዚህም የተነሣ ኃይሉ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ሽቦው ወጣ፤ ዛሬም የብዙ አገር የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄደው በዚሁ ዓይነት ነው።

የአሻንጉሊት ሠሪዎች ይህን ትምህርት አልተቀበሉትም፤ መቀበልም አላስፈለጋቸውም። ጥቂት ቮልት ፈረስም ሆነ ልጅ አይጎዳምና በሐዲድ የሚተላለፍ ኤሌክትሪክ ለቤት ውስጥ ባቡር ምቹ ሆኖ ቆየ። ችግሩ የጀመረው ባቡሩ ከሳሎን ወደ ጓሮ በወጣ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የኑረምበርጉ የሌማን ፋብሪካ ዝናብና ፀሐይ እንዲችል አድርጎ የሠራውን፣ ኤል ጂ ቢ በሚል ስም የታወቀውን ትልቅ የአሻንጉሊት ባቡር ለገበያ አቀረበ። የሐዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር፣ የተሠራበት ልክ ደግሞ የእውነተኛው 22.5ኛ እጅ ነው። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ሒሳብ ቢሠራ አይከፋም። 45 ሚሊ ሜትር በ22.5 ሲባዛ አንድ ሜትር ከአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አንድ ሜትር ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መነሻነት ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር ሐዲድ ስፋት ነው። ጀርመኖቹ ይህን ልክ የመረጡት የአውሮፓን የተራራ ባቡሮች አስበው ቢሆንም፣ የጓሮ ሐዲዳቸው ሳያውቁት የለገሃር ሐዲድ ታናሽ ወንድም ሆኖ ተገኘ። የ784 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ሁሉ በዚህ ልክ ቢዘረጋ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከቀይ አፈር ቢነሣ ጂንካ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ጓሮ የራሱ ሕግ አለው። የሌማን ሐዲድ ከነሐስ የተሠራ ነበር፤ ምክንያቱም ብረት ሲዝግ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ነሐስም ቢሆን አቧራ፣ የቅጠል ጭማቂና የጉንዳን መንገድ ሲሸፍነው በመንኮራኩሩና በሐዲዱ መካከል ያለው ግንኙነት ይቋረጣል፤ ባቡሩም እየተንፈራገጠ ይቆማል። ስለዚህ የጓሮ ባቡር ባለቤት ከጨዋታው በፊት በየጊዜው ተንበርክኮ ሐዲድ ይወለውላል። ሐዲዱ ዞሮ በራሱ ላይ ሲመለስ ደግሞ አዎንታዊውና አሉታዊው ሐዲድ ተገናኝተው ኤሌክትሪኩ ይጋጫል፤ ይህን ለማስቀረት ተጨማሪ ማብሪያና ማጥፊያ ያስፈልጋል። የሐዲዱ መጋጠሚያዎች በክረምትና በበጋ እየላሉ ስለሚሄዱም፣ ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ኃይሉ እየደከመ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ይህ ሁሉ ያሰለቻቸው ሰዎች ባትሪውን በሎኮሞቲቩ ወይም ከኋላው በሚጎተት ፉርጎ ውስጥ አስገብተው፣ ፍጥነቱን በሬዲዮ ይቆጣጠሩ ጀመር። ሐዲዱ ከዚያ በኋላ መንገድ ብቻ ሆነ፤ ቢዝግም፣ ጭቃ ቢለብስም ባቡሩን አያቆመውም።

ይህ እንዲሆን ግን ባትሪው ራሱ መለወጥ ነበረበት። ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈለሰፈው፣ ተመልሶ የሚሞላው የእርሳስ ባትሪ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ለጓሮ ባቡር ይህ ከባድ ሸክም ነው። ቀጥሎ የመጡት የኒኬል ባትሪዎች ሸክሙን አቃለሉት። በ1991 ሶኒ ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም ባትሪ ግን ሒሳቡን ከሥሩ ቀየረው። ዛሬ እያንዳንዱ ከእጅ ባትሪ ድንጋይ ብዙም የማይበልጥ አራት የሊቲየም ሴሎች በተርታ ሲያያዙ 14.8 ቮልት ይሰጣሉ፤ ክብደታቸው በአንድነት ሁለት መቶ ግራም አይሞላም። ሴሎቹ 2.6 አምፔር ሰዓት የሚይዙ ቢሆኑና ሎኮሞቲቩ አንድ አምፔር ቢጠቀም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዱታል። የዚያኑ ያህል ኃይል ከእርሳስ ባትሪ ለማግኘት ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ መጫን ያስፈልግ ነበር።

ከጓሮው ወደ ዋናው መሥመር በቀጥታ መዝለል ግን ያሳስታል። ልኩ 22.5 ጊዜ ሲቀንስ ክብደት ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 60 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በጓሮ ልክ አምስት ኪሎ ግራም ከሩብ ያህል ነው። አሻንጉሊቱ የሚያልፈው መንገድም፣ የሚጎትተው ጭነትም ትንሽ ነው። በእውነተኛው ባቡር ላይ ባትሪ ምን ያህል እንደሚችል መመስከር ያለበት የእውነተኛው ባቡር ታሪክ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ቅርብ የሆነው የአየርላንድ ነው። አየርላንድ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ በሻነን ወንዝ ላይ በአርድናክሩሻ ትልቅ የኃይል ማመንጫ ሠርታ በ1929 አስመረቀች። ከሰል ከውጭ የምትገዛ አገር በመሆኗ፣ ከወንዟ ያገኘችውን ኃይል ለባቡር ለማዋል ፈለገች፤ ሽቦ ለመዘርጋት ግን ገንዘብ አልነበራትም። ጄምስ ድረም የተባለ ኬሚስት በኒኬልና በዚንክ የሚሠራ፣ ቶሎ የሚሞላ ባትሪ አዘጋጀ፤ ከ1932 ጀምሮ የእርሱ ባቡሮች በደብሊንና በብሬይ መካከል መንገደኞችን አመላለሱ። በ1949 ከሥራ ወጡ። ጀርመኖች ደግሞ ከ1950ዎቹ እስከ 1995 ድረስ ከሁለት መቶ በላይ በእርሳስ ባትሪ የሚሄዱ ኦቶራዮችን፣ ሽቦ ባልተዘረጋባቸው አጫጭር መሥመሮች ላይ አሠሩ። ጀርመኖች ከአርባ ዓመት በላይ ያሠሩትን ነገር ከሽፏል ማለት አይቻልም። በቅርቡም፣ በ2021፣ በካሊፎርኒያ የተሞከረ 2.4 ሜጋ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ሎኮሞቲቭ ከናፍጣ ሎኮሞቲቮች ጋር ተቀጥሎ የጭነት ባቡሩን የነዳጅ ፍጆታ በ11 በመቶ ያህል ቀንሷል።

የኢትዮጵያ ባቡር በበኩሉ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ተቃራኒ መንገድ መልሷል። የእንፋሎቱ ባቡር በበረሃው ውኃ ይጠማው ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በናፍጣ ሎኮሞቲቮች መተካት ሲጀምር መንገዱ ተቃለለ። እነዚህ ሎኮሞቲቮች በላያቸው ናፍጣ አቃጥለው ኤሌክትሪክ እያመነጩ በዚያው ኤሌክትሪክ ጎማቸውን የሚያዞሩ ነበሩ፤ ማለትም የኃይል ማመንጫቸውን አዝለው የሚሄዱ ናቸው። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መሥመር ደግሞ ከላይ በተዘረጋ 25 ሺህ ቮልት ሽቦ የሚሠራ ነው። የናፍጣን ወጪ አስቀርቶ የአገሩን ወንዝ ኃይል መጠቀሙ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ባቡሩ ባለበት ይቆማል፤ በሥራው ዓመታትም ይህ ደጋግሞ ታይቷል። የጓሮው ባለቤት የቆሸሸውን ሐዲዱን ተንበርክኮ ይወለውላል፤ በአፋር ሜዳ ላይ በሽቦው ሥር የቆመው ባቡር ግን ሩቅ ካለ ጣቢያ እርዳታ ይጠብቃል።

የወይጦ መሥመር አንድ ቀን ቢሠራ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የቆመው በኦሞ ወንዝ ላይ ነው፤ ኃይሉ የአካባቢው ነው፣ ሽቦው ግን ውድ ነው። በቀን ጥቂት ባቡር ብቻ ለሚያልፍበት ረጅም መንገድ በየሜዳው ምሰሶ መትከል የሚያዋጣ አይመስልም፤ በየጣቢያው የሚሞላ ባትሪ ያለው ሎኮሞቲቭ መመርመር ይገባዋል። ክብደቱም እዚህ ላይ ጠላት አይደለም። የጭነት መኪና ባለቤት ባትሪ ሲከብደው ያዝናል፤ ሎኮሞቲቭ ግን ሐዲዱን ቆንጥጦ ለመጎተት ክብደት ያስፈልገዋል። በቁልቁለት የሚወርድ ባቡር ሞተሩ ወደ ማመንጫነት ተለውጦ ባትሪውን መልሶ ሊሞላ መቻሉም፣ ከኮንሶ ደጋ ወደ ወይጦ ቆላ ለሚወርድ መንገድ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ለመረዳት ግን የወይጦን ሐዲድ መጠበቅ አያስፈልግም። በጂንካም ሆነ በቀይ አፈር የሚማር ወጣት ባቡር በዓይኑ ሳያይ ስለ ባቡር ሊማር ይችላል፤ ዓሥር ሜትር ሐዲድ፣ አራት የሊቲየም ሴሎች፣ አንድ ሞተርና አንድ አምፔር መለኪያ ለአንድ ክፍል ይበቃሉ። በሐዲድ ኤሌክትሪክ የሚሄደውን በአንድ በኩል፣ ባትሪ ያዘለውን በሌላ በኩል አድርጎ፣ ቀዩን አቧራ በሁለቱም ላይ ቢበትን የትኛው እንደሚቆም ያያል። ዳገት ሲሠራም በመለኪያው ላይ አምፔሩ ሲወጣ ያነባል። ቁልቁለቱን ለማሳየት ግን መምህሩ አንድ ነገር መጠንቀቅ አለበት፤ የአሻንጉሊት ሎኮሞቲቮች አብዛኛዎቹ ከሞተሩ ወደ ጎማው ኃይል የሚያስተላልፉት እንደ ብሎን በተጠመዘዘ ጥርስ ስለሆነ፣ ጎማው ሞተሩን መልሶ ሊያዞረው አይችልም። ቁልቁል ሲወርድ ባትሪው እንዲሞላ ከተፈለገ ያ ጥርስ በቀጥተኛ ጥርስ መለወጥ ይኖርበታል።