የእንግሊዝኛ መምህራኑ ለአገር ቋንቋ የዋሉት ውለታ

እንግሊዝኛ ተምሮ፣ ዕድሜውን እንግሊዝኛ በሚነገርበት ክፍል ውስጥ ያሳለፈ ኢትዮጵያዊ የቋንቋ ምሁር ሥራው በምን ይመዘናል? በተማሪዎቹ አነጋገር? ውጭ አገር በታተሙለት ጽሑፎች ብዛት? ወይስ በሌላ? ጥያቄው የአንድ የትምህርት ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ቅኝ ሳትገዛ በባዕድ ቋንቋ የምታስተምር አገር ናት፤ ያን ቋንቋ የሚያስተምሩት ሰዎች ምን እንደሠሩ ማወቅ ደግሞ እንግሊዝኛ ራሱ ለአገሪቱ ምን እንደሠራ ማወቅ ነው። ማስረጃው ሲታይ ጎልቶ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ በእንግሊዝኛና በአገር ቋንቋ መካከል ቆመው ከሠሩ ምሁራኖቻችን እጅ የወጣው ዘላቂው ፍሬ በአገር ቋንቋ የተሠራው ወይም ለአገር ቋንቋ የዋለው ነው። ይህንንም እንደ ትርፍ ሰዓት ሥራ ሳይሆን እንደ ሙያቸው ዋና ምሰሶ ልንቆጥረው ይገባል።

የነገሩ መነሻ እንጦጦ ግርጌ፣ ዛሬ ጉለሌ ክፍለ ከተማ በምንለው አካባቢ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በስማቸው ያሠሩት ትምህርት ቤት ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ሲከፈት ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ጥቂት ዓመታት መቆጠራቸው ነው፤ ከውጭው ዓለም ጋር የምንገናኝበት በር የሚከፈተው በፈረንሳይኛ ነበር። ጣሊያን ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ነጻነቱ የተመለሰው በእንግሊዝ ጦር አጋዥነት ነበርና ፈረንሳይኛ ቦታውን ለእንግሊዝኛ ለቀቀ። የሚያስደንቀው እ.ኤ.አ. በ1945 ትምህርት ቤቱን እንዲመሩ የተጠሩት ከኩቤክ የመጡ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን፣ ማለትም አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ መነኮሳት መሆናቸው ነው። ከእነርሱ አንዱ አባ ሉሲየን ማት ቆይተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን መሠረቱ፤ ኮሌጁም በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ትምህርት ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ላይ ሲቆም፣ እንግሊዝኛም ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር የቤት ባለቤት መሰለ። ታሪኩ ግን የሚያሳየው ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ወደዚህ ተዳፋት የመጣው እንደ ወራሽ ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው፤ ሌላ እንግዳ ሲወጣ በቦታው የተተካ እንግዳ።

ልዩነቱን አጉልቶ ለማየት ናይጄሪያን ማነጻጸር ይጠቅማል። የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1948፣ ከእኛው በሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፕሮፌሰር የሆኑት፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በምክትል ቻንስለርነት የመሩት አዮ ባንጆ (1934–2024) እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጽሑፍ የናይጄሪያን እንግሊዝኛ አነጋገር በአራት ደረጃ ከፈሉት። የመጀመሪያው የአፍ መፍቻ ቋንቋ እጅግ የተጫነው፣ ውጭ አገር ሰው ለመረዳት የሚቸገርበት ነው። አራተኛው እንግሊዝ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው የሚናገረውን የሚመስለው ነው። ባንጆ ለአገራቸው መለኪያ እንዲሆን ያቀረቡት ግን አራተኛውን አይደለም። እርሱን ናይጄሪያውያን ራሳቸው እንደ መመጻደቅ ስለሚያዩት፣ በአገር ውስጥ የማያሳፍረውንና ውጭም የሚሰማውን ሦስተኛውን መረጡ። እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ፕሮፌሰር የባዕድ ቋንቋን አገርኛ ሲያደርግ እናያለን። ናይጄሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቋንቋዎች ያሏት፣ ከቅኝ ግዛት በወረሰችው ቋንቋ መንግሥቷን የምታስተዳድር አገር ናትና፣ «ይህ እንግሊዝኛ የእኛ ነው» ማለት ለእርሳቸው ተገቢም አስፈላጊም ሥራ ነበር።

እኛ ዘንድ ይህ ሥራ መሠረት አልነበረውም። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በተከፈተበት በዚያው በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በአማርኛ መታተም ጀምሯል። ቤተ መንግሥቱ፣ ፍርድ ቤቱና ጋዜጣው የሚጽፉበት ቋንቋ ነበራቸው፤ ከጀርባው ደግሞ የግእዝ ሥነ ጽሑፍና የቅኔ ቤት የረጅም ዘመን ልማድ ቆሞ ነበር። ጠላና ጠጅ ቤቱም፣ ገበያውም፣ ለቅሶ ቤቱም እንግሊዝኛን አልጠየቁም። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ምሁር እንግሊዝኛን አገርኛ ማድረግ አላስፈለገውም። የጠበቀው ሌላ ሥራ ነው፤ በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚነገረው እውቀት ከክፍል ውጭ በሚኖርበት ቋንቋ መልስ እንዲያገኝ ማድረግ።

ይህን ሥራ በእጃቸው ከጨበጡት አንዱ ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ናቸው። በስድስት ኪሎ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩት እኚህ ሰው ከጂ. ፒ. ሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1973 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አዲስ አበባ ታተመ፤ ኋላም የአማርኛ–እንግሊዝኛውን አስከተሉ። የመዝገበ ቃላት ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቃል በቃል ማዛመድ ይመስላል። አንዲት ቃል አንስተን ቀረብ ብንል ግን ምን ያህል የሐሳብ ሥራ እንደሆነ ይገባናል። «ፓወር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንውሰድ። ስለ ንጉሥ ሲነገር ሥልጣን ነው፤ ስለ በሬ ሲነገር ጉልበት፤ ስለ መብራት ሲነገር ኃይል፤ ስለ ሰው ችሎታ ሲነገር አቅም፤ ስለ ዓለም ፖለቲካ ሲነገር ኃያል መንግሥት። አማርኛ አምስት በር ከፍቶ የሚቀበለውን እንግሊዝኛ በአንድ በር ያስገባዋል። ተገላቢጦሹም አለ። የፊዚክስ መምህር «ፎርስ»፣ «ኢነርጂ»ና «ፓወር» ብሎ ሦስት የተለያዩ መለኪያዎችን ሲያስተምር፣ ተማሪው በልቡ ሦስቱንም «ኃይል» ብሎ ሊተረጉማቸው ይችላል፤ እንዲያ ያደረገ ተማሪ ደግሞ ቀመሩን ቢሸመድድም ነገሩን አልተረዳም። ስለዚህ የሁለቱን ቋንቋ ድንበር የሚያሰምረው ሰው የሚያገለግለው የቋንቋ ተማሪን ብቻ አይደለም፤ የሳይንስ ተማሪውንም፣ ዳኛውንም፣ ጋዜጠኛውንም ነው።

ሁለተኛው ምስክር ዳኛቸው ወርቁ ናቸው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ዳኛቸው በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን በአማርኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» የተባለውን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ የወጣው ቺኑዋ አቼቤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአማካሪነት በመሩት በሃይነማን የአፍሪካ ጸሐፍት ተከታታይ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የናይጄሪያውና የእኛው መንገድ እዚህ ላይ ተገናኝተዋል። ታሪኩ የታመሙ ባላባት ከልጆቻቸው ጋር ዝቋላ አቦን ለመሳለም የሚያደርጉት ጉዞ ነው። ዓለም አቀፍ አንባቢ ያገኘው በእንግሊዝኛው ቢሆንም፣ በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ውይይት ውስጥ እስከ ዛሬ የሚነሳ የሚጣለው «አደፍርስ» ነው። ዳኛቸው እዚያም አላቆሙም። ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር ሆነው የአማርኛ ፈሊጦችን ሰብስበው በመጽሐፍ አወጡ። «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚለውን አነጋገር ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ብናዞረው ጆሮ ቆዳ እንዲለብስ የሚታዘዝበት እንግዳ ነገር ይሆናል፤ «ሆደ ሰፊ» የሚለውም ትዕግሥተኛውን ሆዳም ያደርገዋል። የራሱ ቋንቋ ፈሊጥ ፈሊጥ መሆኑን አጥርቶ የሚያየው ሌላ ቋንቋ በሚገባ የተማረ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ምሁራን አማርኛን የሚያዩበት መስታወት ሆነላቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ የአማርኛ ታሪክ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን ከሰማንያ በላይ ቋንቋ የሚነገርባት አገር ናት» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ሐሳቡን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያጠናክር ነው። ጥላሁን ጋምታ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ስማቸው ከሁሉ በላይ የሚነሳው ግን እ.ኤ.አ. በ1989 በዩኒቨርሲቲው ፕሬስ በታተመው የኦሮምኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላታቸው ነው፤ አራት ዓመት ቆይተውም ኦሮምኛ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትን ምክንያት የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተሙ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅ ሁሉ ቃል ፍለጋ ወጣ። አስቀድሞ መዝገበ ቃላት የተሠራለት ቋንቋ መነሻ አገኘ፤ ያልተሠራለት ከባዶ ጀመረ። መንገዱ ለአንድ ቋንቋ ብቻ የተጠረገ አይደለም፤ ለሲዳምኛም፣ ለወላይትኛም፣ ለአፋርኛም ይሠራል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ተማሪውን የሚመለከተው ነው። የታሪክ ምሁሩ ተከስተ ነጋሽ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ መሆኑ ትምህርቱን ራሱን እየጎዳው እንደሆነ አጥብቀው ተከራክረዋል፤ ተማሪውም መምህሩም የማይጠቀሙበት ቋንቋ እውቀት ሊያስተላልፍ አይችልም ባይ ናቸው። ታዲያ የእንግሊዝኛ ምሁራን ተማሪው እንዲህ ሲቸገር መዝገበ ቃላትና ልብ ወለድ መጻፋቸው ዋናውን ሥራ መተው አይሆንም? የሚሉ አሉ። መልሱ ከችግሩ ሥር ይገኛል። ተማሪው የሚቸገረው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስላነሰው ብቻ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ የሰማውን የሚያሳርፍበት ቃል በራሱ ቋንቋ ስላላገኘም ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሐሳቡን የጨበጠ ልጅ እንግሊዝኛውን እንደ አዲስ ስም ይማረዋል፤ ሐሳቡን ያልጨበጠ ግን እንግሊዝኛውን እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ስለዚህ አምሳሉ፣ ዳኛቸውና ጥላሁን ክፍላቸውን ትተው አልወጡም፤ የክፍሉን መሠረት ነው የገነቡት።

ሌላው ክርክር የዓለም አቀፍ ምሁርነት ነው። አዮ ባንጆ ስለ ናይጄሪያ እንግሊዝኛ ሲጽፉ የዓለም የቋንቋ ምሁራን አንብበዋቸዋል፤ መዝገበ ቃላት ግን የአገር ውስጥ ሥራ ነው፣ ዝናው ከድንበር አያልፍም ይባላል። እውነት ነው፣ ዝናው ጠባብ ነው። ነገር ግን ባንጆም የተከበሩት አገራቸው የሚያስፈልጋትን ጥያቄ ስለመለሱ ነው፤ የእንግሊዝን መለኪያ ትተው የናይጄሪያን መለኪያ በመፈለጋቸው። የእኛዎቹም ያደረጉት ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእኛ አገር ጥያቄ ሌላ መሆኑ ነው። የምሁር ታላቅነት የራሱን ሕዝብ ጥያቄ ሰምቶ በመመለሱ ከተለካ፣ ኢባዳን የተጻፈው የቋንቋ ጥናትና ስድስት ኪሎ የተደረደረው የቃላት ካርድ በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የሚመለከተው ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ነው። ዛሬ ኮምፒውተርና የእጅ ስልክ የሚያመጧቸው አዳዲስ ጽንሰ ሐሳቦች በየቀኑ ይጎርፋሉ፤ ቃሎቻቸውን አመዛዝኖ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ የሚያስቀምጥ ሰው ይፈልጋሉ። ይህን ለመሥራት ከሁሉ የቀረበው ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቀው የእንግሊዝኛ መምህር ነው። አንድ መምህር ዓመታት ፈጅቶ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ፣ የሳይንስ መጽሐፍ ሲተረጉም ወይም ፈሊጥ ሲሰበስብ ሥራው ለማዕረግ እድገት እንደ ምርምር ጽሑፍ ሙሉ ዋጋ ሊሰጠው ይገባል። በጉለሌ ተዳፋት ላይ ፈረንሳይኛ መጥቶ ሄዷል፤ እንግሊዝኛ ተተክቶ ቆይቷል፤ ነገም ሌላ ቋንቋ ሊመጣ ይችላል። ቋንቋ አስተማሪ እንግዳውን በክብር ይቀበላል፤ እንግዳው ያመጣውን ግን ለቤቱ ሰው በቤቱ ቋንቋ የሚያካፍል ካልተገኘ፣ ስጦታው ሳይፈታ ይቀራል።