የልዳው ሰማዕት

በሆሳዕናና በዱራሜ፥ በጠቅላላውም በሐድያና በከምባታ ከተሞች፥ ኦርቶዶክሳውያንና ወንጌላውያን በአንድ ሰፈር ይኖራሉና፥ በየወሩ 23ኛው ቀን ሲከበር «ይህ ጊዮርጊስ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ጥያቄውም በቍጣ ሊመለስ አይገባውም፤ የጥንት አባቶችም ጠይቀውታልና።

አገራችን ለዚህ ሰማዕት ያላት ፍቅር የታወቀ ነው። በላሊበላ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነው የአድዋ ድል፥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአራዳ ጊዮርጊስ የተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥርዓተ ንግሥ፥ ሁሉም ምስክሮች ናቸው።

ገድሉ እንደሚለው፥ ሰማዕቱ በዱድያኖስና በሰባ ነገሥታት ፊት ሰባት ዓመት ተሠቃይቶ፥ ሦስት ጊዜ ሞቶ ተነሥቶ፥ በመጨረሻ ሚያዝያ 23 ቀን አንገቱ ተቈረጠ። ዳሩ ግን ዱድያኖስ የሚባል ንጉሥ በፋርስም በሮምም ታሪክ አይገኝም፤ ኋላ የተጻፈው የግሪኮች ገድልም በስሙ ፈንታ ዲዮቅልጥያኖስን አግብቷል። በሥዕል ሁሉ የምናየው ዘንዶም በጥንቱ ገድል የለም።

ሊቃውንት ሌላ መንገድ ፈለጉ። አውሳብዮስ ዘቂሣርያ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ303 ዓ.ም. በኒቆምድያ የንጉሡን ዐዋጅ በአደባባይ ቀድዶ ስለ ሞተ አንድ ክርስቲያን ጽፏል፤ ስሙን ግን አልጠራም። ጊዮርጊስ ይህ ነው ያሉ አሉ፤ ነገር ግን የሰማዕቱ መቃብር የሚነገረው ከኒቆምድያ ርቆ በፍልስጥኤም ስለ ሆነ ነገሩ አያረካም። እንግሊዛዊው ጊቦንማ በ361 ዓ.ም. የእስክንድርያ ሕዝብ የገደለውን አርዮሳዊውን ጳጳስ ጊዮርጊስን ሰማዕቱ አደረገው። ይህስ ጭራሽ አይሆንም፤ ኦርቶዶክሳውያን አሳዳጃቸውን በመቅደሳቸው ያነግሡ ዘንድ ምን አስገደዳቸው?

ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል ያለበት በጳጳሱ በገላስዮስ ስም የሚጠራው የሮም ደንብ ይመስለኛል። መጽሐፉን፥ ማለት የጊዮርጊስን ገድል፥ ተቀባይነት ካጡት ጋር ቈጠረው፤ ሰማዕታትን ማክበር ግን አልከለከለም። መጽሐፍና ሰው ሁለት መሆናቸውን ለየ።

ስለ ሰውዬው ደግሞ ከገድል ውጭ ምስክር አለ። በ530 ዓ.ም. አካባቢ ቴዎዶስዮስ የሚባል ጸሐፊ የቅዱሳን ቦታዎችን ሲዘረዝር፥ ጊዮርጊስ በልዳ ሰማዕት እንደ ሆነና ሥጋውም በዚያ እንዳለ መዝግቧል። ከዚያም በፊት፥ በሶርያ በእዝራ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በ515 ዓ.ም. የተቀረጸ የግሪክ ጽሕፈት፥ ቀድሞ የጣዖት መኖሪያ የነበረው ቦታ የእግዚአብሔር ቤት መሆኑንና የሰማዕቱ የጊዮርጊስ ዐፅም በውስጡ መኖሩን ይናገራል። በዚያ ድንጋይ ላይ ዱድያኖስም ዘንዶም አልተጻፉም፤ የሰማዕቱ ስም ብቻ አለ።