ከቁርጡባ እስከ ውስጥ እግራችን፦ የቆዳ ካንሰር ታሪክ

የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በአንደሉስ፣ በቁርጡባ አቅራቢያ የኖሩት ሐኪም አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ (ረሒመሁላህ) 30 ክፍሎች ያሉት «አት-ተስሪፍ» የተሰኘ የሕክምና መጽሐፍ ጽፈዋል። ስለ ቀዶ ሕክምና በሚናገረው የመጨረሻ ክፍል ካንሰርን አንስተው የሰጡት ምክር አጭር ነው፦ ዕጢው ገና ጀማሪና ትንሽ ከሆነ፣ ያለበትም ቦታ ሙሉ በሙሉ ነቅሎ ለማውጣት የሚመች ከሆነ ይቆረጥ፤ ከቆየና ከሰፋ ግን አይነካ። የሰፋውን እርሳቸውም እንዳላዳኑ፣ ያዳነ ሰውም እንዳላዩ ሳይደብቁ አስፍረዋል።

ይህ ምክር ለቆዳ ካንሰር በተለይ ይሠራል። የሳንባ ወይም የጉበት ዕጢ ውስጥ ተደብቆ ያድጋል፤ የቆዳው ግን ከመነሻው ዓይናችን ሥር ነው። በሥራ ሳቢያ የሚመጣ ካንሰር መጀመሪያ የታወቀውም ቆዳ ላይ ነው።

በ1775 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን ስለሚያጠቃ ካንሰር ጻፉ። በዚያ ዘመን የድሃ ልጆች በጠባብ የጭስ ማውጫ ውስጥ እየወጡ ጥቀርሻ ይጠርጉ ነበር። ጥቀርሻው በዘር ፍሬ ከረጢት ቆዳ እጥፋት ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፤ ካንሰሩ ብቅ የሚለው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። መንስኤው ታወቀ፤ ልጆቹ ግን ቶሎ አልዳኑም። ሕግ በሕግ ላይ ቢወጣም፣ ልጆችን ጭስ ማውጫ ውስጥ መላክ በእርግጥ የቆመው ከ1875ቱ ሕግ ወዲህ ነው። መቶ ዓመት ማለት ነው! ማወቅ ብቻውን ማንንም አያድንም።

በ1915 ጃፓናውያኑ ያማጊዋና ኢቺካዋ በጥንቸል ጆሮ ላይ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ሬንጅ ለወራት ደጋግመው እየቀቡ ካንሰር እንደሚያመጣ በሙከራ አሳዩ። በ1928 ደግሞ ፊንድሌይ የተባሉ ተመራማሪ የአልትራቫዮሌት ጨረር በአይጦች ላይ የቆዳ ዕጢ እንደሚያስነሳ አረጋገጡ። ይህ ጨረር ከፀሐይ የሚመጣ ነው። ፀሐይዋ ኃይለኛ፣ ከነዋሪዎቿም አብዛኞቹ ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው አውስትራሊያ በ1981 ሕዝቧን ሸሚዝ እንዲለብስ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንዲቀባና ኮፍያ እንዲያደርግ በቴሌቪዥን መቀስቀስ ጀመረች።

ታዲያ የነጮች በሽታ ነው ማለት ነው? አይደለም። ቆዳችንን ያጠቆረው ሜላኒን ከፀሐይ ጨረር በእጅጉ ይከላከልልናል፤ ሙሉ ዋስትና ግን አይሰጠንም። ጥቁር ሰዎችን የሚይዘው ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ በማይደርስበት ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው። ሁላችን የምናውቀው ድምፃዊ ቦብ ማርሊ በ1977 በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው ነበር፤ በመጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር። በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ።

ሌላው መንገድ ጠባሳ ነው። የካሽሚር ሰዎች ብርድ ሲሆን «ካንግሪ» የሚሉትን ፍም የያዘ የሸክላ ዕቃ በሰፊው ልብሳቸው ውስጥ ሆዳቸው አጠገብ ይይዛሉ። ሙቀቱ ለዓመታት ደጋግሞ ባቃጠለው ቆዳ ላይ ካንሰር እንደሚወጣ ሐኪሞች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መዝግበዋል። እኛም አገር በምድጃና በፈላ ውኃ የተቃጠለ ሰው ጥቂት አይደለም። የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ እንደገና ከቆሰለና አልድን ካለ ዝም ሊባል አይገባም።

ከሁሉም በላይ የተጋለጡት ግን ከአልቢኒዝም ጋር የተወለዱ ወንድሞችና እህቶቻችን ናቸው። ሜላኒናቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ሊያዙ ይችላሉ። ለእነርሱ ሰፊ ኮፍያ፣ እጀ ረጅም ልብስና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ቅንጦት ሳይሆን መድኃኒት ነው። በአንጻሩ ከተማ ውስጥ ስንቶቻችን ነን የተሰጠንን ጥላ በገንዘባችን የምንገፍፈው? በብዙ የማንጫ ክሬሞች ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን የሚሠራው ቆዳ ሜላኒን እንዳያመርት በማድረግ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ለውዱእ እግራችንን ስናጥብ ውስጥ እግራችንንና በጣቶቻችን መካከል ያለውን እንይ። አዲስ የወጣ ወይም እየሰፋ፣ ቀለሙና ጠርዙ እየተለወጠ የሄደ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ጥፍር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ ከወር በላይ ያልዳነ ቁስል፣ በቀላሉ የሚደማ እብጠት ካየን ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ያስመረምራል። መፋቅና በእሳት መተኮስ ግን ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። በቤታችን ወይም በሰፈራችን ከአልቢኒዝም ጋር የሚኖር ልጅ ካለም ኮፍያና ቅባት እንግዛለት፤ ትምህርት ቤትም ከፀሐይ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ እናስፈቅድለት።

አዝ-ዘህራዊ ማደንዘዣም ማይክሮስኮፕም በሌለበት ዘመን ትንሽ ሳለ ይያዝ ብለዋል። ዛሬ ሁለቱም አሉ። የሚቀረው በጊዜ መሄድ ነው፤ ያ ደግሞ በእጃችን ነው።