ሐርለም ያስተማረችን፦ ወረቀት ብቻውን አያድንም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክፍል ውስጥ ታሪክ ሲባል ጦርነትና ንግሥና ነው የምናወራው። የሆስፒታል ኮሪደርም ግን ታሪክ አለው። የዛሬው የኒውዮርኩ ሐርለም ነው።

ሐርለም የጥቁሮች ሰፈር መሆኑን ታውቃላችሁ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከፑዌርቶ ሪኮ የመጡ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ይኖሩበታል። ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን የሚባሉ ጥቁር የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1967 ሐርለም ሆስፒታል ገቡ። ብዙዎቹ የጡት ካንሰር ሕመምተኞች የሚመጡት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ሆኖ አገኙት።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። ከ1964 እስከ 1986 እዚያ ከታከሙት 606 ሰዎች መካከል በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የተደረሰባቸው 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ደርሰው ነው የመጡት። አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት 39 በመቶ።

ለምን? ቀላሉ መልስ «ስላልተማሩ ነው» የሚለው ነው። ፍሪማን እዚያ ላይ አላቆሙም። በ1979 በነፃና በትንሽ ክፍያ የሚመረመሩበት ቦታ ተከፈተ። ጥሩ ነበር፤ ግን ሌላ ችግር ታየ። ምርመራው ላይ አጠራጣሪ ነገር የተገኘባት ሴት ናሙና ለመስጠት ሳትመለስ ትቀራለች። ኢንሹራንስ የላትም፤ ልጆቿን የሚይዝላት የለም፤ የተጻፈላትን አልተረዳችውም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈርታለች።

ፍሪማን የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ፕሬዚዳንት በነበሩ ጊዜ ማኅበሩ በየከተማው እየዞረ ድሆችን አዳመጠ፤ ጥቁሩን፣ ነጩን፣ ላቲኖውን፣ የአገሩን ቀደምት ነዋሪ። በ1989 የወጣው ሪፖርት እንዳለው፣ የሚሰጠው ትምህርት ከድሃው ኑሮ ጋር አይገናኝም፤ ድሃውም ካንሰር ከያዘው አለቀለት ብሎ ተስፋ ቆርጧል። ልብ በሉ፤ ካንሰር ማለት ሞት ነው ብሎ ያመነ ሰው ምን ብሎ ይመርመር?

በ1990 መፍትሔው መጣ፤ ማሽን አይደለም፣ ሰው ነው። «ፔሸንት ናቪጌተር» ተባለ፤ እኛ መንገድ መሪ እንበለው። ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ይሁን እንጂ። ውጤቱን የሰማችውን ሴት ቁጭ አድርጎ ያናግራታል፣ ፎርሙን አብሯት ይሞላል፣ ቀጠሮዋን ያስታውሳታል፣ አስተርጓሚ ይፈልግላታል።

ከ1995 እስከ 2000 በዚያው ሆስፒታል የታከሙ 325 ሰዎች ሲታዩ አምስት ዓመት የቆዩት 70 በመቶ ሆኑ። ገና ሳይስፋፋ የተደረሰባቸው 41 በመቶ። ለዚህ መንገድ መሪው ብቻውን አይመሰገንም፤ ርካሹ ምርመራ አለ፣ ሕክምናውም ተሻሽሏል። ግን ምርመራውን ከሕክምናው ያገናኘው ድልድይ እሱ ነው። በ2005 የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሥራ የሚደግፍ ሕግ አወጣ።

የቋንቋውስ ጉዳይ? በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ተቋማት፣ ሆስፒታሎችም ጭምር፣ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችለውን ሰው በሚገባው መንገድ እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ትእዛዝ ፈረሙ። ትእዛዙ በ2025 ተሽሯል፤ መሠረቱ የሆነው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ግን አለ። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አወጣች፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛችን ነው!

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ ቤታችን የሚገባው። እኛ ዘንድ ሐኪሙ የካንሰሩን ነገር ለቤተሰብ ሹክ ይላል፤ እናት ግን «ትንሽ ሕመም ነው» ይባላሉ። ባሕር ማዶም ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ያንኑ ያደርጋል፤ ክፉውን ቃል ይውጠዋል። ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ግን እናት ስለ ገዛ አካላቸው ሳያውቁ እንዴት ይወስናሉ? ሕክምናውንስ ለምን ብለው ይጨርሱ?

እናንተ ነርስ የሆናችሁ፣ ካርድ ክፍል የምትሠሩ፣ አሜሪካ ያላችሁ ልጆቼ፦ ወረቀት ሰጥታችሁ አትሸኙ። ቁጭ አድርጋችሁ «ምን ገባዎት?» በሉ። እናታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ደግሞ ሆስፒታሉን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እናንተ እጃቸውን ያዙ።

የሐርለም ሴቶች የጎደላቸው ጭንቅላት አልነበረም፤ አብሯቸው የሚሄድ ሰው ነበር።

መልካም ሰንበት።