ኮምፒውተር ሲቀየር የትውልድ ሐረግ መዝገብ እንዳይጠፋ

በራያ ቆላ ዘር መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። በዋጃና በጥሙጋ፣ በቆቦና በአላማጣ ዙሪያ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች የሁለቱን ወገን ትውልድ ይቆጥራሉ፤ በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና መኖር አለመኖሩ ይጣራል። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በ1967 ዓ.ም እስከታወጀበት ጊዜ ድረስ ደግሞ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ርስት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን በቆጠራ ማስረዳት ነበረበት። በሀገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ትውልድ ዋነኛው ማስረጃ የአረጋውያን ቃል ነው፤ ቃሉን የያዙት ሲያልፉ መልሶ የሚያገኘው የለም።

የአያቱን ቃል ሰምቶ በኮምፒውተር ያሰፈረ ልጅ ታዲያ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ሆኖም መዝገቡ በወረቀት ላይ እንደ ሰፈረ ጽሑፍ ዝም ብሎ አይቆይም። ኮምፒውተሩ ሲቀየር ወይም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ ሲለወጥ የማይነበብ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የማይገኝ የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ባለ አሮጌ ኮምፒውተሩ ወይ አዲስ መግዛት፣ ወይ ሊኑክስን ወደ መሰለ ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሻገር፣ ወይም ያለ ማሻሻያ መቀጠል ግድ ይሆንበታል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ፊደሉ ነው

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በተግባርም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ ይጻፍ የነበረው የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ የሚታወቁ ናቸው። በዚያ ዘመን አማርኛን በኮምፒውተር መጻፍ የተቻለው በእነዚህ ፎንቶች ስለሆነ ውለታቸው ቀላል አይደለም። ችግሩ ያለው በአሠራሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደልን መለያ ቁጥር ሲሆን የ«መ»ን ቅርጽ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። ፋይሉ ያ ፎንት ወደሌለበት ኮምፒውተር ሲሄድ የአያት ስም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝርዝር ይሆናል።

አንድ ጽሑፍ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ባለሙያ አያስፈልግም። ከፋይሉ አንድ መስመር ቀድቶ በኮምፒውተሩ ላይ ባለ ቴሌግራም መጻፊያ ቦታ ላይ መለጠፍ ይበቃል። አማርኛው እንዳለ ከታየ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ የቀድሞው ዓይነት ነውና ወደ ዩኒኮድ መቀየር ይኖርበታል። ለዚህ የተዘጋጁ መቀየሪያ ሶፍትዌሮች አሉ። ቅየራው አሮጌው ኮምፒውተር ከነፎንቱ እየሠራ ሳለ ቢከናወን ይመረጣል፤ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር መስመር በመስመር ማመሳከር የሚቻለው ያኔ ነውና። ጽሑፉን በፒዲኤፍ ማስቀመጥም መልኩን ያቆያል። ነገር ግን የሚታየው አማርኛ ሲሆን በውስጡ ያለው አሁንም ላቲን ስለሆነ ስም ቢፈለግበት አይገኝም።

ኒያላ የተባለው የዊንዶውስ ፎንት ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ የነበረ የዩኒኮድ ፎንት ሲሆን፣ በዊንዶውስ 10 ግን ተጠቃሚው ሲፈልግ የሚጨምረው ሆኗል። በኒያላ የተጻፈ ሰነድ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ መልኩ ቢለወጥ የተለወጠው የፊደሉ ቅርጽ ብቻ ነውና ባለቤቱ ሊደነግጥ አይገባም።

መመዝገቢያው ሲሞት መዝገቡ እንዳይከተለው

የትውልድ ሐረግን በሥርዓት ለመያዝ የተሠሩ ሶፍትዌሮች በርካታ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን የተወሰነ ነው። ፐርሰናል አንሴስትራል ፋይል የተባለው በዓለም ዙሪያ ብዙ ተጠቃሚ የነበረው ሶፍትዌር ባለቤቱ ፋሚሊሰርች እ.ኤ.አ. በ2013 ሥርጭቱንና ድጋፉን አቁሟል። ይህን መሰሉ ነገር ሲያጋጥም መሸጋገሪያ ድልድይ የሚሆነው ጄድኮም የተባለው የጋራ የፋይል ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሲሆን አብዛኞቹ የትውልድ ሐረግ ሶፍትዌሮች ያነቡታል፤ ይጽፉታልም። ለአማርኛ ተጠቃሚ ወሳኙ ነገር ፋይሉ ሲወጣ የሚመረጠው የፊደል አቀማመጥ ነው። አንሴል የተባለው የቀድሞው አቀማመጥ የግዕዝን ፊደል አያውቅም። ስለዚህ ዩቲኤፍ 8 መመረጥ አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የጄድኮም 7 ዕትም ይህንኑ ግዴታ አድርጎታል።

ለራያ ቤተሰብ የሚመች መሣሪያ ቢፈለግ ግራምፕስ ቀዳሚ ሊሆን ይችላል። በነፃ የሚገኝ ሲሆን በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ላይ ይሠራል። ይሁንና አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። የአያት ፎቶግራፍና የተቀረጸ ድምፅ መዝገቡ ውስጥ የገቡ ይመስላሉ እንጂ መዝገቡ የሚይዘው ፋይሉ ያለበትን አድራሻ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ያለው አድራሻ ሊኑክስ ላይ አይሠራምና ፎቶዎቹ ይሰወራሉ። ግራምፕስ መዝገቡንና ፎቶዎቹን በአንድ ላይ ጠቅልሎ የሚያወጣበት አማራጭ ስላለው ለሽግግር እርሱን መጠቀም ይገባል። ጄድኮም ብቻውን ፎቶ አያሻግርም።

ስምና ዘመን

እነዚህ ሶፍትዌሮች የተሠሩት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ላለው ማኅበረሰብ ነው። በእኛ ሀገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም፣ አባት ደግሞ በአያት ስም ነው። ሶፍትዌሩ ልማዳዊ ግምቱን ከተከተለ ለአዲስ ልጅ የአባቱን «የቤተሰብ ስም»፣ ማለትም የአያቱን ስም ይሰጠውና አንድ ትውልድ ይዘላል። ግራምፕስ ላይ ይህን ግምት ማጥፋትና የአባት ስም መሆኑን የሚገልጸውን ዓይነት መምረጥ ይቻላል። አይስላንዳውያንም በአባት ስም ስለሚጠሩ ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም።

የፊደል አጻጻፍም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኮምፒውተር «ኃይሉ»ን እና «ሀይሉ»ን፣ «ሙሐመድ»ን እና «መሀመድ»ን ፍጹም የተለያዩ ስሞች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። አንድ ሰው በሁለት ጸሐፊዎች እጅ ሁለት ሰው ይሆናል ማለት ነው። አንዱን አጻጻፍ ዋና አድርጎ ሌላውን በተለዋጭ ስምነት መመዝገብ ያዋጣል፤ ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው የላቲን አጻጻፍም በዚያው ሥር ሊገባ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ያለው በዘመን አቆጣጠር ላይ ነው። ግራምፕስ የጎርጎርዮሳዊውን፣ የእስላማዊውን፣ የዕብራውያኑንና የሌሎችንም ቀን መቁጠሪያ ሲያውቅ የኢትዮጵያን አያውቅም። ታኅሣሥ 20 ቀን 1962 ዓ.ም የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 29 ቀን 1969 ተወልዷል፤ ጥር 20 ቀን 1962 ዓ.ም የተወለደው ደግሞ ጃንዋሪ 28 ቀን 1970። ልዩነቱ ለአንዱ 7፣ ለሌላው 8 ዓመት ነው። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ ቦታ የለውም። በቀን መሙያው ላይ የተቀየረውን ቀን፣ በማስታወሻው ላይ ደግሞ አረጋዊው የተናገሩትን እንዳለ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ቅየራው ስሕተት ቢኖርበት የሚታረመው በማስታወሻው ነው።

አረጋውያን ብዙ ጊዜ ቀን አይጠቅሱም፤ «ከማይጨው ዘመቻ በኋላ»፣ «በ66 ድርቅ»፣ «ከ77 በፊት» ይላሉ። ይህ ጉድለት ተደርጎ መታየት የለበትም። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም መሆኑ ስለሚታወቅ ሶፍትዌሩ ላይ «ከዚህ በኋላ» የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ያልተነገረ ቀንና ወር ፈጥሮ መሙላት ግን መዝገቡን ያበላሸዋል።

መዝገቡ በርስ ክርክር ወይም በውርስ ጊዜ በራሱ ማስረጃ እንደማይሆንም መታወቅ አለበት። ወራሽነትን የሚያረጋግጠው ምስክርና ሰነድ የሚመረምረው ፍርድ ቤት ነው፤ መዝገቡ የሚጠቅመው የትኛው ምስክር ስለ የትኛው ትውልድ እንደሚያውቅ ለማስታወስ ነው።

ሽግግሩ ሲካሄድ አሮጌው ኮምፒውተር ወዲያው መደምሰስ የለበትም። መዝገቡ በአዲሱ ላይ ተከፍቶ የሰዎቹ ብዛት ከቀድሞው ጋር ይመሳከር፣ ከሩቁ ትውልድ የጥቂቶቹ ስምና ፎቶ ይታይ። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ ሌላው ከቤት ውጭ በዘመድ እጅ ይቀመጥ። ሐረጉ በወረቀት ታትሞም ቆጠራውን ለነገሩት አረጋዊ ቢነበብላቸው፣ የተዘለለ ትውልድ ካለ የሚያገኙት እርሳቸው ናቸው።