ላእክ፣ ዐቃቤ፣ ተረኛ፦ ስለ ‹ሰርቨር›ና ስለ የማይቋረጥ አገልግሎት ስያሜዎች ታሪካዊ ማስታወሻ

የባንክ፣ የግብርና የንግድ ሥራ ዛሬ በአብዛኛው በበይነ መረብ የሚካሄድ በመሆኑ ‹ሰርቨር› የተባለው መሣሪያና ሶፍትዌሩ ከቃላት አጥኚው ጠረጴዛ ላይ ደርሰዋል። የሰርቨር ተግባር ባጭሩ ጥያቄ መቀበልና ምላሽ መላክ ነው። የተለመደው አቻ ‹አገልጋይ› ስሕተት ነው አንልም፤ ነገር ግን ማገልገሉን እንጂ መላኩን አያሳይም።

ግእዝ ሁለቱን በአንድ ሥር ይዟቸው ነበር። ‹ለአከ› ላከ፣ ‹ተልእከ› አገለገለ ማለት ሲሆን ‹ላእክ› አገልጋይ፣ ‹መልእክት› ደግሞ የሚላከውም ነገር አገልግሎቱም ነው። አማርኛ ሥሩን ከፈለው፤ ‹ላከ›፣ ‹ተላላኪ›፣ ‹መልእክት› በመላክ በኩል ቀሩ፤ አገልግሎት ለሌላ ግስ ተሰጠ። የጥንቱ ትርጉም በቤተ ክርስቲያን አልጠፋም። ቅዳሴ የሚቀድሱት ዛሬም ‹ልኡካን› ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም ከአምስት እንዳያንስ ሥርዓቱ ያዛል። ስለሆነም ‹ላእክ› ለሰርቨር ቢሰጥ እንግዳ ቃል አይሆንም።

የአገልግሎት ሶፍትዌር እንዳይቋረጥ ሲታሰብ ግን አንድ ላእክ አይበቃም። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መሣሪያዎች ይቆማሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን ይረከባል፤ ማን እንደ ወደቀ የሚከታተል ሦስተኛ ፕሮግራምም ያስፈልጋል። ለሠሪው ‹ተረኛ›፣ ለሚጠብቀው ‹ተጠባባቂ› የሚሉትን ከተረኛ ፋርማሲና ከተጠባባቂ ተጫዋች ሕዝቡ አስቀድሞ ያውቃቸዋል። ለተከታታዩ የሚሆነውን ቃል ያገኘነው ከሐይቅ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስፋፉት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት በቤተ መንግሥት ‹ዐቃቤ ሰዓት› ይባል ነበር፤ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ማዕረጉ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን በ‹ዐቃቤ ሕግ› ሕያው ነው። ሰዓትን እየጠበቀ የላእኩን ደኅንነት ለሚመረምረው ፕሮግራም ‹ዐቃቤ› ከማለት የተሻለ አላገኘንም።

ከሐይቅ በስተሰሜን፣ በአምባሰል ወረዳ፣ ውጫሌ ትገኛለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስለምትላላክበት መንገድ ይናገር ነበር፤ አማርኛው ‹ይቻላቸዋል› ሲል የኢጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ ሆኖ ተተረጎመ፤ የሆነውም ይታወቃል። የአገልግሎት ውል የሚያረቁ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ይበጃል። ‹አገልግሎቱ 99.9 በመቶ ይገኛል› የሚለው ሐረግ በዓመት 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ያህል መቋረጥን ይፈቅዳል፤ ‹ይገኛል› የሚለው ግስ ግን ይህ ተስፋ ይሁን ግዴታ አይለይም።

‹ከፍተኛ ተገኝነት› የሚለው ትርጉም ደግሞ ለጆሮ ይከብዳል። ባለጉዳይ በባንክ መስኮት የሚሰማው ‹ሲስተም የለም› የሚል ነው። ‹አለ› እና ‹የለም› ሕዝቡ ራሱ የመረጣቸው የቴክኒክ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ ‹የማይቋረጥ አገልግሎት› እንመርጣለን፤ ‹ኢተቋራጭ› የሚለውን ለሚወዱ አንከለክልም።

አንድ ልዩነት ግን ይቀራል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ስብስብ በቁጥር 1832 ተመዝግቧል። የስብስቡ ቅጂዎች በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይጠበቃሉ፤ ብዙዎቹም በበይነ መረብ ይነበባሉ። ቅጂን በሁለት ቦታ ማኖር ከላይ የተናገርነው የተጠባባቂ ዘዴ ነው። ይሁንና ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የሚኒሶታው ላእክ ያለ እንከን ቢሠራም እንኳ በሐይቅ ዳር ስልኩን ለያዘ ደብተራ ምላሽ ሊደርሰው አይችልም ነበር። በመሣሪያው በኩል ‹አለ›፤ በአንባቢው በኩል ‹የለም›። ‹መገኘት› ለፊተኛው፣ ‹መድረስ› ለኋለኛው ተለይተው በመዝገበ ቃላቱ ሁለት መግቢያ እንዲሰጣቸው እናመለክታለን።